ሁለቱ ባላዎች

ልጄ፣ እሑድ ስታቅፊኝ ሸተተኝ። የሲጋራው ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ አባትሽም በወጣትነቱ ኒያላ ከእጁ አይለይም ነበር። የጋንጃው ሽታ ግን ነጠላዬ ላይ ቀረ። በሜሪላንድ ከ2023 ጁላይ ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ተፈቅዷል ትዪኝ ይሆናል። አረቄም የተፈቀደ ነው፤ ስንት ቤት እንዳፈረሰ አብረን አይተናል።

እናትሽ «ምከሪልኝ» ብላ ስትደውል «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለችኝ። እኔ ይህን ተረት አልወደውም። መከራ ሰውን ሲሰብር እንጂ ሲመክር ብዙም አላየሁ።

የምነግርሽ ሌላ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ለኑሮ ደግ ምክር ነው። አንቺ ዘንድ ግን ባላዎቹን የተከለው ሱሱ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ጋንጃውን ነቀልሽ፤ ግማሽ ፓኬት የነበረው ሲጋራ ሙሉ ፓኬት ሆነ። ፋሲካ ሲውል ሁለቱም ተተክለው ተገኙ። ደግሞ ጋንጃውን በሲጋር ቅጠል ጠቅልለሽ ስታጨሺው ኒኮቲኑም አብሮ ይገባል፤ የትኛው እንደጠራሽ በምን ታውቂያለሽ?

ጋንጃ ሲተው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብስጭት ይጀምራል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ሌሊቱ ቅዠት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይበርዳል። የሲጋራውም ብስጭት የሚከፋው በዚያው ሰሞን ነው። ለሲጋራው ፕላስተሩ፣ ማስቲካው፣ ቫሬኒክሊን የሚሉት ክኒንም አለ። ለጋንጃው ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እስካሁን ያጸደቀው አንድም መድኃኒት የለም።

ጓደኛሽ ያወራችሽ የሆርሞን ነገር ጆሮሽን ያቆመውም ለዚህ ይመስለኛል። ፕሮጄስትሮን የሴት ልጅ የራሷ ሆርሞን ነው፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ይጨምራል፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይወርዳል። ከእሱ የሚገኝ አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ነገር አንጎል ላይ እንደ ማስታገሻ ሆኖ ያረጋጋል። ተመራማሪዎች ይህን ይዘው የሲጋራ አምሮትን ይቀንስ እንደሆነ ሞክረውታል፤ ውጤቱ አንዴ ደስ ያሰኛል፣ አንዴ አያሰኝም። ሁለቱንም በሚያጨስ ሰው ላይ ጋንጃውን ያስቀንስ ይሆን ብለው መጠየቃቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ሐሳቡን አልንቀውም። ገና በፈተና ላይ ያለ ነገር ነው እንጂ።

የጓደኛሽን የሆርሞን እንክብል እንዳትውጪ ግን! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እዚህ አገር ከሚሸጠው ውስጥ በኦቾሎኒ ዘይት የተዘጋጀ አለ፤ አንቺ ደግሞ በልጅነትሽ ኦቾሎኒ ቀምሰሽ ፊትሽ እንዴት እንዳበጠ እኔ አልረሳሁም። ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ አንቺ መኪና ትነጃለሽ። ሆርሞን ሁሉ አንድ ነው ብለሽም ኢስትሮጂን ያለበትን የወሊድ መከላከያ በራስሽ አትጀምሪ፤ ለምታጨስ ሴት፣ ይልቁንም 35 ዓመት ላለፋት፣ የደም መርጋትና የስትሮክ አደጋ አለው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪምሽ ፊት ሲጋራውን ተናግረሽ ጋንጃውን አትዋጪው፤ ስለ ሆርሞኑም የምትጠይቂው እዚያው ነው። ለጋንጃው እስካሁን ሲረዳ የታየው ከባለሙያ ጋር እየተቀመጡ አምሮቱ መቼና የት እንደሚነሳ መመርመር ነው። እኛ ሐበሾች ይህን «የእብድ ሕክምና» እያልን ስንሸሽ ነው የኖርነው። አንቺ አትሽሺ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ቡናውን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራው ሲቆም ያቺው የለመድሻት ቡና ደምሽ ውስጥ ትቆያለች፤ ልብሽ ሲመታ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ አምሮቱ መስሎሽ ትለኩሻለሽ። ስለዚህ ካቆምሽ በኋላ ቅዳሜ ስትመጪ የማጠጣሽ በረካውን ብቻ ነው። አቦሉን እኔ እጠጣልሻለሁ።