ቀዳዳው ይደፈን ወይስ ይሣል?



በካርቲየ 3 የምኖርባት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት በበላው በኩል ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ አለችው። ረፋድ ላይ ፀሐይ በዚያች ገብታ ግድግዳው ላይ ታርፋለች። ፊደል የማስቆጥራቸው ልጆች ብርሃኗ ፈቀቅ ባለች ቁጥር በከሰል ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክቶቹም ተያይዘው በሳምንቱ ረጅም መስመር ሆኑ። ጎረቤታችን እማማ ይህን አይተው፣ «መምህር፣ ቀዳዳ ይደፈናል እንጂ ይሣላል እንዴ?» አሉኝ። ሣቅሁ፤ ነገር ግን መልስ አጣሁ።

ጥያቄው የእማማ ብቻ አይደለም። ለውሃና ለራሽን የሚሰለፍ ስደተኛ ስለ ብርሃን፣ ስለ ባዶ ቦታና ስለ መስመር ማሰቡ ቅንጦት ነውን?

በዘመናችን ሠዓልያን ዘንድ ብርሃንና ባዶ ቦታ ራሳቸው እንደ ቀለም የሚሠራባቸው ሆነዋል። አሜሪካዊው ጄምስ ተሬል ጣሪያቸው የተከፈተ ክፍሎች ሠርቶ፣ ተመልካቹን ከሥር አስቀምጦ ሰማይን ብቻ ያሳየዋል። በእኛም አገር አፈወርቅ ተክሌ በ1961 እ.ኤ.አ. በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ሠርቷል፤ ብርሃን ካላለፈበት ቀለሙ አይታይም። እንግዲህ መስኮትም ቀዳዳ ነው። ነገር ግን መስኮትን ሰው አስቦ ይከፍተዋል፤ የእኛን ቀዳዳ የከፈተው ዝገት ነው።

ስለዚህ የእማማ ወቀሳ እውነት አለበት። በድኻ ጣሪያ የሚገባውን ብርሃን እያደነቀ ዝናቡን የሚረሳ ጸሐፊ ሐሰተኛ ነው።

ይሁን እንጂ «መጀመሪያ እንጀራ፣ ጥበብ በኋላ» የሚለውንም አልቀበልም። ከበደች ተክለአብ ከአገር ስትሰደድ በሶማሌ ወታደሮች ተይዛ ዐሥር ዓመት ያህል በሶማሊያ በእስር ካምፕ ኖራለች። በዚያም ግጥም ትገጥም ነበር። ከተፈታች በኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ተማረች፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር ሆና በዚያው ከተማ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ ሠራች። እስክትፈታ ድረስ ልቧን ዘግታ ቆይታ ቢሆን ኖሮ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚከፈት ነገር ይተርፋት ነበርን?

ለእኛ ለስደተኞች መስመር ሞልቶልናል። ድንበሩ መስመር ነው፤ ሰልፉ መስመር ነው፤ ስማችን በመዝገብ የሰፈረበትም መስመር ነው። ሁሉንም ያሰመረልን ሌላ ነው። የልጆቹን የከሰል መስመር ግን ያዘዘ የለም። ብርሃኑን ያስገባው ዝገት ቢሆንም፣ ምልክቱ የት እንዲሆን የመረጡት እነርሱ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንሁት፤ እማማም መረቁኝ። በማግሥቱ ልጆቹ ገብተው ብርሃኗን ቢፈልጉ አጧት፤ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ አንዲቱ ከሰሏን አንሥታ መስመሩ ከቆመበት ቀጠለች።

በካምፕ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መልሳችሁን ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።