ካሜራውን ገዛነው፤ ያየውንስ?

ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። ወንበር የገዛ ወንበር ገዛ፤ ድስት የገዛ ድስት ገዛ፤ አለቀ። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ አልፈን አስበን አናውቅም ነበር። አንድ አሮጌ ካሜራ ገዝተን ለማሳደስ ስንነሣ ግን ጥያቄው አልለቅ አለን። ላውንጅ ውስጥ ሦስት ማታ ተከራክረንበታል፤ ሁለታችን ለአንድ ቀን ያህል ተኳርፈንበታል። እንግዲህ ጉዳዩን ለእናንተ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ፈራጅ ፈልገን እንጂ ዐዋቂ ለመምሰል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን የኪስ ገንዘባችንን አዋጣንና ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ አንድ ትልቅ ካሜራ ገዛን። ትልቅ ስንል የምር ትልቅ ነው፤ ከነሌንሱ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ሰውን ያጎብጣል። ስሙ ፔንታኮን ሲክስ ቲ.ኤል. ይባላል። በምሥራቅ ጀርመን፣ በድሬስደን ከተማ የተሠራ ሲሆን ይህ ሞዴል የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ፋብሪካው ሁለቱ ጀርመኖች በተዋሐዱበት በ1990 እ.ኤ.አ. እንዲዘጋ ተወሰነበት። ስለዚህ ዛሬ መለዋወጫ ቢያምረን ደብዳቤ የምንጽፍለት አምራች የለም። ፊልሙም የለመድነው ጠባቡ ፊልም አይደለም። ጀርባው ላይ ወረቀት ያለው ሰፊ ፊልም ነው፤ አንዱ ጥቅልል ስድስት በስድስት ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ዐሥራ ሁለት ፎቶዎች ብቻ ይሰጣል።

ሻጩ አዛውንት «ልጆቼ፣ አይሠራም፤ ለጌጥ ከሆነ ውሰዱት» ብለውናል፤ አላታለሉንም። ከላይ ወደ ታች በሚታይበት ማያው ስንመለከት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፊልም ማጠንጠኛው ዘንግ አልንቀሳቀስ ብሏል። ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለ። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መቁጠሪያ 9 ቁጥር ላይ ቆማለች። እኛ ቁጥሯን አየናት እንጂ አላነበብናትም።

ያነበቧት ፒያሳ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ የካሜራውን ጀርባ ሊከፍት እጁን ሲሰድ «ተው! እንዳትከፍተው!» ብለው ጮኹበት። ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱን። በዚህ ካሜራ ፎቶ ሲነሣ ውስጡ ያለው መስተዋት ወደ ላይ ይነሣል። በሌሎች ብዙ ካሜራዎች መስተዋቱ ወዲያው ይመለሳል፤ በዚህኛው ግን የሚመለሰው አንሺው ለሚቀጥለው ፎቶ ፊልሙን ሲያጠነጥን ነው። እስኪያጠነጥን ድረስ በማያው ምንም አይታይም። «እንግዲህ የጨለመባችሁ ስለ ተበላሸ ብቻ አይደለም» አሉን። «ሰውየው ዘጠነኛውን አንሥቶ ሳያጠነጥን ቀርቷል። ፊልሙ እዚሁ ውስጥ ነው። ላጥበው ወይስ ልጣለው?»

«ነገ እንነግርዎታለን፣ ጋሼ» ብለን ወጣን። ክርክሩ የተጀመረው ታክሲ ሳንሳፈር ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የገዛነው ብረትና መስተዋት ነበር። አሁን ግን በውስጡ የሰው ዐይን ያየው ነገር ተገኘ።

የመጀመሪያው ጓደኛችን «ምን ያከራክራል? ገንዘብ ከፍለናል!» አለ። ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ የተረከበውን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። «ድስት ስትገዛ ውስጡ የተረሳ ማንኪያ ብታገኝ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ እንዴ?» ብሎም አሳቀን።

ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 27 ላይ ሌላም ነገር ይናገራል። የአንድ ሰው ፎቶግራፍ፣ ሰውየው ሳይፈቅድ፣ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ አይችልም። ተከታዩ አንቀጽ ከዚህ ውጭ የሚሆኑ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ መሠረቱ ግን ግልጽ ነው። ሕጉ ፊልምንና መልክን ለያይቷቸዋል። ፊልም ዕቃ ነው፤ ይሸጣል ይለወጣል። መልክ ግን ዕቃ አይደለም። የተረሳው ማንኪያ መልክ የለውም፤ አላፍርም አይልም፣ አፍራለሁም አይልም። ምናለሽ ተራ ያሉት አዛውንት የማንንም መልክ አልገዙም፤ ያልገዙትንም ሊሸጡልን አይችሉም።

ሁለተኛው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠ። «እንግዲያው አንንካው! ጋሼ ይጣሉት፤ ማየትም መስረቅ ነው» አለ። አነጋገሩ የንጹሕ ሰው አነጋገር ስለ ሆነ ለጊዜው ዝም አሰኘን። ቆይተን ስናስበው ግን መጣልም ያው መወሰን ነው። ብርሃን የነካው ፊልም ምስሉን በስውር ይዞ ይቆያል። ኬሚካሉ እስኪነካው ድረስ ለዐይን አይታይም፤ በዓመታት ብዛት እየደከመ ይሄዳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ስለዚህ አለመንካት እጅን መታጠብ ሳይሆን ቀስ አድርጎ ማጥፋት ነው።

ለዚህ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1897 እ.ኤ.አ. አንድሬ የተባለ ስዊድናዊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ለመብረር ተነሣ። ባሉኑ ከጥቂት ቀናት በኋላ በረዶው ላይ ቀረ። ሦስቱም ሰዎች በበረዶው ላይ በእግራቸው ሲጓዙ ቆይተው በአንዲት ሰው አልባ ደሴት ላይ አለቁ። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1930 እ.ኤ.አ.፣ አስከሬናቸው ሲገኝ ያልታጠበ ፊልማቸውም አብሮ ተገኘ። ዮን ሄርትዝበርግ የተባለ ባለሙያ ተጠንቅቆ አጠበውና 93 ምስሎች አተረፈ። የወደቀው ባሉን፣ አጠገቡም የቆሙት ሰዎች ዛሬ የሚታዩት በዚያ ምክንያት ነው። ያን ፊልም «የእኔ አይደለም» ብሎ የሚጥለው ሰው ጨዋ ይባላል ወይ? አይባልም።

በዚህ ምሳሌ ረክተን ልንበተን ስንል፣ ሦስተኛዋ ጓደኛችን ቪቪያን ማየርን አነሣችብን። ቪቪያን ማየር አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎና አካባቢዋ በሞግዚትነት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። በትርፍ ጊዜዋ ሮሌይፍሌክስ በተባለ ካሜራ የመንገዱን ሰው ታነሣ ነበር፤ እርሱም እንደ እኛው ከላይ ወደ ታች እየታየ ስድስት በስድስት የሚያነሣ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ፎቶ አንሥታ አብዛኛውን ለማንም ሳታሳይ ኖረች። በ2007 እ.ኤ.አ. የዕቃ ማከማቻዋን ኪራይ ሳትከፍል በመቅረቷ ዕቃዋ በሐራጅ ተሸጠ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ሞተች። ያላጠበቻቸው ብዙ ጥቅልሎች በገዢዎች እጅ ታጠቡ፤ ስሟም ከሞተች በኋላ በዓለም ገነነ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመብቱ ባለቤት ማነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ። «እስቲ ንገሩኝ፣» አለች ጓደኛችን፣ «እርሷን ማን ጠየቃት?»

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለውን ልዩነት ለማግኘት አንድ ማታ ሙሉ ፈጀብን። አንድሬና ጓደኞቹ የተጓዙት ተጉዘው ሊተርኩ ነው። አንዲት ብርጭቆ ሸክም በምትከብድበት በረዶ ላይ ፊልሙን ተሸክመው መሄዳቸው ራሱ ቃል ነው፤ «ይታይልን» ማለታቸው ነው። ማየር ግን ዝም አለች። ዝም ያለ ሁሉ ደግሞ እሺ አላለም። ከዚህ በላይ የገረመን ሌላ ነገር ነው። ባንሺዋና በገዢዎቹ መካከል ስላለው መብት ይህን ያህል ሲባል፣ መንገድ ላይ ስለ ተነሡት ሰዎች እምብዛም የሚናገር የለም። በአንድ ፎቶ ዙሪያ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ያነሣው፣ የተነሣው፣ ያገኘው። ካሜራው የመጀመሪያው ነበር፤ አሁን የሦስተኛው ሆነ። የመካከለኛው ሰው ግን ካሜራ ኖሮትም አያውቅ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይረሳል።

እኛ እንደሚመስለን የጉዳዩ መፍቻ ከባለቤትነት ይልቅ «አደራ» በሚለው ቃላችን ውስጥ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ሰምተን አድገናል። ወዲያው ግን ከመካከላችን ተቃውሞ ተነሣ። «አደራ ሰጪ ይፈልጋል፤ ለእኛ ማን ሰጠን?» ጥሩ ተቃውሞ ነው። መልሱን ያገኘነው ከገጠር ከመጣው ጓደኛችን ነው። በመንጋው ውስጥ የማያውቃት የጠፋች ላም የገባችበት ገበሬ ምን ያደርጋል? ማንም አደራ አላለውም። ቢሆንም አብሮ ያግዳታል፤ ያጠጣታል፤ በገበያና በለቅሶ ቤት «ላም የጠፋበት» እያለ ያስነግራል። አያባርራትም፤ አያርዳትምም። ወተቷን ቢያልብ የሚወቅሰው የለም፤ ስላበላት ነው። ጥጃዋን ቢሸጥ ግን ሌባ ይባላል። አደራ ሰጪ ሳይኖርም አደራ አለ ማለት ነው፤ የሌላ ሰው የሆነ ነገር እጅህ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ይበቃል።

በካሜራችንም ይህን ፈረድን። ካሜራውን እናድሳለን፤ እንሠራበታለን፤ ይህ ወተቱ ነው። ፊልሙን እናጥባለን፤ ባለቤቱን ለመፈለግ የሚያስፈልገውን ያህል እናያለን። አናሳትምም፤ ለሌላ ሰው አናሳይም።

ጋሼ ጨለማ ክፍል ገብተው ጀርባውን ከፈቱና ፊልሙን በእጃቸው ጠቅልለው አወጡት። ሲታጠብ፣ ሳይጠነጠን የቀረው ዘጠነኛው ጥቁር ብቻ ሆኖ ወጣ። የሹተሩ መጋረጃ ጨርቅ በእርጅና ተበሳስቶ ስለ ነበር ብርሃኑ ለዓመታት እየተንጠባጠበ በልቶታል። ከአንድ እስከ ስድስት ጭጋግ ናቸው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ግን ተርፈዋል፤ ተደራርበው። ይህ የዚህ ካሜራ የታወቀ አመል ነው፤ ፊልሙን እኩል አያራርቅም። በሰባተኛው አንዲት ትንሽ ልጅ የቆርቆሮ አጥር ተደግፋ ቆማለች። በስምንተኛው አንዲት ሴት ተቀምጣ መዳፏን ወደ ሌንሱ ዘርግታለች። ፎቶዎቹ ስለ ተደራረቡ የሴትየዋ እጅ ጫፍ የልጅቷ ትከሻ ላይ ዐርፏል።

እውነቱን እንናገር፤ እጅግ ያማረ ፎቶ ነው። የሦስታችንም ልብ ተንቀጠቀጠ። «ይኼ ኤግዚቢሽን ላይ ቢቀርብ አንደኛ ይወጣል» ያለው፣ የሚገርመው፣ ያ «ማየትም መስረቅ ነው» ሲል የነበረው ጓደኛችን ነው። ለአፍታ ያህል ፍርዳችን ሁሉ ተረሳ። መልሶ ያስታወሰን «ገንዘብ ከፍለናል» ባዩ ነው። ኔጋቲቩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ይዞ «እጇን ታያላችሁ?» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ያ እጅ «አታንሣኝ» ይላል? ወይስ እየሳቀች «ተው እንጂ» ማለቷ ነው? ፊቷ በመዳፏ ስለ ተጋረደ ከፎቶው አይለይም። ሊያስረዳን የሚችለው እርሷ ብቻ ናት። እስክትመጣ ድረስ እጁን እንደ እጅ ልንቀበለው ይገባል።

ምናለሽ ተራ ተመልሰን ሻጩን ጠየቅናቸው። «ከቆራሌው ነው የገዛሁት፤ ቆራሌው ደግሞ ከየት እንዳመጣው በምን ይታወቃል?» አሉን። ስልካችንን ትተን መጣን። ኔጋቲቩ በፖስታ ታሽጎ ጋሼ ዘንድ ተቀምጧል።

እድሳቱም ከዚሁ ክርክር አላመለጠም። ጋሼ የደረቀውን ቅባት አጥበው አወጡ፤ የተበሳሳውን መጋረጃ በሌላ ለወጡ፤ ሻጋታውን ጠረጉ፤ ጥቂት ምልክት መስተዋቱ ላይ ቀርቷል። በመጨረሻ «ቆዳውንስ? አዲስ ላልብሰው?» አሉ። አሮጌው ቆዳ ጎኑ ላይ በምስማር የተጫረ ምልክት አለበት። ግሪኮች «ሳንቃዋ አንድ በአንድ የተለወጠች መርከብ ያችው መርከብ ናት ወይ?» እያሉ ይከራከሩ ነበር ይባላል። እኛን ያሳሰበን እርሱ አይደለም። መጋረጃው ሥራ ስለ ከለከለ ወጣ፤ ጭረቱ ግን ሥራ አልከለከለም። ደግሞም አንድ ቀን አንድ ሰው ወይም ልጁ መጥቶ ካሜራውን የሚያውቀው በዚያ ጭረት ሊሆን ይችላል። ምልክቱን አጥፍቶ «ባለቤት ጠፋ» ማለት የከብት ሌባ ዘዴ ነው። ቆዳው እንዳለ ይቅር አልን።

አሁን ካሜራው ይሠራል። ጋሼ ሲያስረክቡን «ዘንጉን ስትመልሱት በእጃችሁ ይዛችሁ መልሱት፤ ተፈትልኮ እንዳይሄድ» ብለው አስጠንቅቀውናል። በየፎቶው መካከል ያው ጨለማ ይመጣል፤ አንሥተን እስክናጠነጥን ድረስ ምንም አናይም። መጀመሪያ ጉድለት መስሎን ነበር። አሁን በዚያች አፍታ ቀና ብለን ያነሣነውን ሰው በዐይናችን እናየዋለን። ካላስደሰተው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

ይህ ነው ፍርዳችን። አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። ያቺ ሴት በሕይወት ካለች፣ ያቺ ልጅ ደግሞ ልጇ ከሆነችና ሌላ ፎቶ ከሌላት፣ ፖስታውን ማሸጋችን ማስቀረት ይሆናል። ብናሳየው ምናልባት ታገኘው ነበር። ብናሳየው ደግሞ እጇን ረግጠን ነው። ለጊዜው እጇን መርጠናል። ተሳስታችኋል የሚል ጓደኛ ካለ ይጻፍልን፤ ፖስታው አልተቀደደም፤ ክርክሩም አልተዘጋም።