ክርና ሞላ

ነፃነት ምንድን ነው? ከማናቸውም እስር መፈታት ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ርቆ ሄዶ ለመመለስ መቻል ነው ይላሉ። ይህ ጥንታዊ ክርክር ዘወትር የሚነሣው በሕግና በሥነ ምግባር መድረክ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጀርባ፣ በጥቂት ሞላዎችና በሁለት ብሎኖች መካከልም ተጨባጭ መልክ ይዞ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በፉለርተን ከተማ፣ የሊዮ ፌንደር ድርጅት ስትራቶካስተር የተሰኘውን የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቀረበ። በጊታሩ ላይ የተሰካችው ቀጭን የብረት እጀታ ወደ ታች ስትጫን የስድስቱ ክሮች ውጥረት ይላላል፤ ድምፁም ይወርዳል። ስትለቀቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፌንደር ይህን ትሬሞሎ አለው። በሙዚቃ ትምህርት ግን ትሬሞሎ የአንድን ድምፅ ፈጣን ድግግሞሽ ወይም የኃይሉን መጨመርና መቀነስ ሲያመለክት፣ የድምፁን ከፍታ ማወዛወዝ ቪብራቶ ይባላል። ስሙ የተሳሳተ ቢሆንም እስከ ዛሬ ጸንቷል።

አሠራሩ በሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ላይ የቆመ ነው። ከፊት ስድስቱ ክሮች፣ እንደ ውፍረታቸውና እንደ ቅኝታቸው፣ በድምሩ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም በሚገመት ኃይል የሚያርፉበትን ብረት፣ በበገና አነጋገር በርኩማውን፣ ወደ አንገቱ ይስባሉ። ከጀርባ ደግሞ እስከ አምስት የሚደርሱ ሞላዎች በተቃራኒው ይጎትታሉ። ሁለቱ ሲመጣጠኑ በርኩማው ከጊታሩ አካል ጥቂት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ እጀታዋ ድምፁን ዝቅም ከፍም ልታደርግ ትችላለች። ባለሙያው በካቻቢቴ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ይበልጥ ቢያጠብቅ ግን በርኩማው በአካሉ ላይ ይተኛል፤ እጀታዋም ድምፁን ዝቅ ከማድረግ በቀር ከፍ ማድረግ ይሳናታል።

የምርጫው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ተንሳፋፊው በርኩማ ሰፊ ነፃነት ይሰጣል፤ ዋጋውም ከባድ ነው። አንዱ ክር ቢበጠስ ሞላዎቹ ያይላሉ፤ የቀሩት አምስቱ በሙሉ ከቅኝታቸው በላይ ይወጣሉ። አንዱን ክር በጣት ገፍቶ ማክረር ሌሎቹን ያላላል። በቅኝት ጊዜም አንዱ ሲጠብቅ ሌሎቹ ስለሚወርዱ፣ ስድስቱን ደጋግሞ መዞር ግድ ይሆናል። በጥብቅ በተኛው በርኩማ ላይ ግን የአንዱ መበጠስ የሌሎቹን ቅኝት አያናጋም።

ጥንቃቄን የሚያስቀድሙ ወገኖች እንግዲያው በርኩማው ይተኛ ይላሉ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ጊታር ተጫዋች ከጓዶቹ ጋር ሲቆም ቅኝቱ የእርሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ሲፋለስ ዘፋኙም፣ ሳክስፎን ነፊውም፣ አድማጩም የጉዳቱ ተካፋዮች ናቸው። ሰው ስለ ራሱ ነፃነት ሌላውን ሊያስከፍል ይገባዋልን? በሌላ በኩል ግን፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1969 ጂሚ ሄንድሪክስ በዉድስቶክ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በስትራቶካስተር ሲጫወት፣ ዜማውን በእጀታዋ እየሰበረ ብዙዎች የጦርነት ጩኸት የሰሙበትን ድምፅ አወጣ። ጥንቃቄ ብቻውን እንዲህ ያለ ሥራ አይወልድም።

ስለዚህ ሚዛኑ የሚገኘው ሌላ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፤ ነፃነቱ የሚያስከትለውን ድካም የሚሸከመው ማን ነው? ተንሳፋፊውን የመረጠ ከያኒ ድካሙን ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ለራሱ ሊወስድ ይገባል። ይኸውም ያረጁ ክሮችን በወቅቱ መለወጥ፣ አዲሶቹን ስቦ ማለማመድ፣ ክሩንና ሞላውን በትዕግሥት ማመጣጠን፣ ተጠባባቂ ጊታር ማሰናዳት ነው። ይህን ሁሉ ትቶ የወጣ፣ ነፃነቱን ለብቻው ይዞ ዕዳውን ለባልንጀሮቹ አካፍሏል።

እጀታዋ ስትለቀቅ ድምፁ ወደ ቦታው የሚመለሰው ሞላው ከጀርባ ተሰውሮ ስለሚጎትት ነው። ሞላው ቢወገድ ክሮቹ ይረግባሉ፤ የሚወዛወዝ ድምፅም አይኖርም። በሰው ኑሮም ኃላፊነት ነፃነትን ወጥሮ የሚይዝ ስውር ኃይል ነው። እርሱን ያላሰናዳ፣ በሚታየው እጀታ ሊኮራ አይገባውም።