በወል ቤት ለውድድር ስለ መግጠም

የወል ቤት በአማርኛ ግጥም እጅግ ከተለመዱት ምጣኔዎች አንዱ ነው። አንድ ስንኝ 12 ቀለም ይይዛል፤ ቀለሞቹ ለሁለት ሐረግ እኩል ይከፈላሉ፤ ስድስተኛው ላይ እረፍት ይደረጋል፤ ስንኞቹም በመድረሻቸው ቤት ይመታሉ። በዚህ ልክ እንዲገጥም የተጠየቀ ተወዳዳሪ ልኩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ዛሬ ግን «ቤት ከመታ በቃ» የሚል ስንፍና በወጣቶች ዘንድ ተንሰራፍቷል።

የጥፋቱ ሁሉ ራስ ቀለምን በጆሮ መስፈር ትቶ ፊደልን በዓይን መቁጠር ነው። አናባቢው የማይሰማ ሳድስ ከቀደመው ፊደል ጋር ተዳብሎ ይነገራል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። «ሰማዩ ሲጠቁር ገበሬ ደስ አለው» የሚለው ስንኝ 15 ፊደል አለው። ሲነበብ ግን «ቁር»፣ «ደስ» እና «ለው» እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ስለሆኑ ስድስት በስድስት ሆኖ 12 ይሞላል። በዓይኑ የሚቆጥር ወጣት በዛብኝ ብሎ «ገበሬ»ን ይሰርዛል። «ሰማዩ ሲጠቁር ደስ አለው» በፊደል ልክ 12 ነው፤ በቀለም ግን ዘጠኝ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ሐረግ ግማሹ ጎድሏል። ድምፁን አውጥቶ አንድ ጊዜ ቢያነበው ጉድለቱን ጆሮው ይነግረው ነበር።

የዚህ ምክር ጸሐፊ ልኩን የሰማው ከአያቱ ነው። አያት ፊደል አልቆጠሩም። ሌሊት ወፍጮ ላይ ተደፍተው ሲያንጎራጉሩ የመጁ ምልልስ ከሐረጉ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። ቃል ያጠራቸው እንደሆነ መጁን ገታ አድርገው ስንኙን ከራሱ ይጀምሩታል። ልጁም እንቅልፍ እስኪጥለው ያንን ያዳምጣል።

ፊደል ያልቆጠሩ አያት የጠበቁትን ልክ የተማረ ልጅ ሊያጎድለው አይገባም። ቃል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታ በግዴለሽነት አይያዝም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳያውቅ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይዘልም። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። የዛሬ ወጣት ግን የጻፈውን ለራሱ ጆሮ እንኳ ሳያሰማ ለዳኞች ይልካል።

ልክ ለመሙላት «እኮ» እና «እንዲያው» መሰግሰግ ነውር ነው። አንድን ቃል እረፍቱ ላይ ለሁለት መሰንጠቅም እንዲሁ። ስንኙን ሁሉ በአንድ ዓይነት የግስ መድረሻ መዝጋት፣ ቤት ቢመታም፣ ሥራ መሸሽ ነው።

ልክ ማፍረሳቸው ሲነገራቸው «እሱም ከተለመደው ልክ ወጥቷል» ብለው ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅንን የሚጠቅሱ አሉ። ጥቅሱ አይረዳቸውም። የፀጋዬ ቤት የሚባለው 16 ቀለም ያለውና ስምንት በስምንት የሚከፈል ጥብቅ ምጣኔ ነው፤ ገጣሚው ልማዱን ያሰፋው ቆጥሮ ነው።

ስለዚህ ግጥሙ ከመላኩ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ቀጥሎም ጽሑፉን አይቶ ለማያውቅ ሰው ተሰጥቶ ይደመጣል። አንባቢው የተደናቀፈበት ስንኝ ቀለሙ እንደገና ይሰፈራል፤ የጎደለው ይሞላል፤ የተረፈው ይቀነሳል። በወል ቤት ውድድር ዘጠኝ ወይም 14 ቀለም ይዞ የቀረበ ስንኝ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከመስፈርቱ ውጭ ነው።