በዘመቻ ያለውን ባል ስለ መጠበቅ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ባልዋ ወደ ጦርነት የሄደባትን ሴት በጎረቤትህ አይተህ ይሆናል። በማለዳ ተነሥታ ልጆችዋን ታሰናዳለች፤ ገበያ ወርዳ ትመለሳለች፤ ማታ ግን በሩን ከመዝጋትዋ በፊት ጥቂት ቆማ መንገዱን ትመለከታለች። እኛም አይተን ወይ እናመሰግናታለን፥ ወይም እናማታለን። ነገር ግን ይህ መጠበቅ የማን ዕዳ እንደ ሆነ ጠይቀን እናውቃለንን?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ወታደር ሲዘምት ሚስቱ ብዙ ጊዜ ትከተለው ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በዘመተው ሠራዊት ውስጥም ስንቅ የሚሸከሙ፥ እህል የሚፈጩ፥ ቁስለኛ የሚያስታምሙ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ድካሙ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ባልዋ ቢወድቅ ወሬውን ለመስማት ሩቅ አልነበረችም። ወታደሩ ደመወዝተኛ ሆኖ በጦር ሰፈር መኖር ከጀመረ ወዲህ ግን ሚስት በቤት ትቀራለች፤ ከሞቱም ከቁስሉም ይልቅ የሚከብዳት አለማወቅዋ ነው።

ለዚህ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ ጦርነቱም በ1970 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከአገር በመውጣቱ አበቃ። የተማረኩት ኢትዮጵያውያን ግን አልተመለሱም። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ከታረቁ በኋላ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ምርኮኞች ወደ አገራቸው ገቡ። ከእነርሱም መካከል ዐሥራ አንድ ዓመት የታሰሩ ነበሩ። አባቱ ሲሄድ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን በዚህ ጊዜ ተማሪ ሆኖአል።

እንግዲህ ባሎቻቸው እንዲህ የቀሩባቸውን ሁለት ሴቶች በልባችን እናስብ። አንደኛዪቱ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ሁለተኛዪቱን ግን ባልሽ ሞቶአል ብለው አረዱአት፤ ልቅሶ ተቀመጠች፥ ከል ለበሰች፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ ልጆችዋን የሚያሳድግላት ሌላ ሰው አገባች። ከዚያ በኋላ የፊተኛው ባል መጣ። ይህች ሴት ከዳተኛ ናትን?

የአገራችን ሕግ ይህን ጭንቅ አስቀድሞ ተመልክቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን መጠየቅ እንደሚቻል ይናገራል፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በእንዲህ ያለ ውሳኔ ጋብቻ እንደሚፈርስ ይደነግጋል። ሕግ ግን እጅን ይፈታል እንጂ ልብን አያሳርፍም። ስለዚህ ኅሊናን እንጠይቅ።

እኔ እንዲህ ይመስለኛል። ታማኝነት ማለት የሚያውቁትን እውነት አለመካድ ነው። ባልዋ በሕይወት እንዳለ እያወቀች በድብቅ ሌላውን የምትከተል ሴት እውነትን ክዳለች። መርዶ ተነግሮአት በእውነት ያለቀሰች ሴት ግን ማንን ከዳች? የመጀመሪያዪቱ ትዕግሥት ታላቅ ነው፤ ነገር ግን የእርስዋን ትዕግሥት ሁለተኛዪቱን መምቻ በትር ልናደርገው አይገባንም። የባልንጀራችን መጽናት ለእኛ ትምህርት ነው እንጂ በሌላው ላይ የምንጥለው ድንጋይ አይደለም።

ደግሞ ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ወታደር ቤት ሲናገር ከሚስቲቱ ይልቅ በዙሪያዋ ያሉትን እንደሚመረምር አስተውል። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻ እንዲቀር ታዝዞአል፤ ይኸውም ሚስቱን ደስ ያሰኛት ዘንድ ነው። የኦርዮንም ነገር እናውቃለን። እርሱ በጦር ሜዳ ሳለ ንጉሡ ሚስቱን ወሰደ፤ ነቢዩ ናታንም መጥቶ የወቀሰው ንጉሡን ነው። የወታደር ቤት ጠባቂ ባጣ ጊዜ የጎረቤቱና የባለ ሥልጣኑ ልብ ይፈተናል።

እንግዲህ መጠበቅ የሚስቲቱ ብቻ ዕዳ አይደለም። አገር ባልዋን ልካለችና ልጆችዋን የመመገብ ዕዳ አለባት። የማረከው ጠላት እንኳ ዕዳ አለበት፤ በ1941 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገው ስምምነት ምርኮኛ ለቤተ ሰቡ ደብዳቤ እንዲጽፍ፥ ውጊያውም ሲያበቃ ሳይዘገይ እንዲለቀቅ ያዝዛልና። ጎረቤት ያላረጋገጠውን ወሬ በደጅዋ አለማፍሰስ ዕዳው ነው፤ አንድ የሐሰት መርዶ አንድ ቤት ያፈርሳል።

ባልም ዕዳ አለበት። በሩቅ አገር ሳለ ከሚስቱ የሚፈልገውን ንጽሕና ራሱ ሊጠብቅ ይገባዋል። በተመለሰም ጊዜ የዓመታቱን ሒሳብ እንደ ዳኛ አይጠይቃት። እርስዋ የጠበቀችው የሄደውን ጎልማሳ ነበር፤ የመጣው ግን ጠጕሩ የሸበተ፥ በሌሊት እየባነነ የሚነሣ ሌላ ሰው ነው። እርሱም ትቶአት የሄደው ወጣት ሴት ነበረች፤ ያገኛት ግን ብቻዋን ቤት መምራት የለመደች እመቤት ናት። ስለዚህ መጠበቅ በመምጫው ቀን አያበቃም፤ ሁለቱ እንደ ገና እስኪተዋወቁ ድረስ አንዱ ሌላውን ደግሞ መጠበቅ አለበት።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ባለፉት ዓመታት በአገራችን በሆነው ጦርነትም ባሎቻቸው ያልተመለሱላቸው ሴቶች በመካከላችን አሉ። እንዲህ ያለችውን ሴት ባየህ ጊዜ ታማኝ ናትን ብለህ ከመጠየቅህ በፊት እኔ ለእርስዋ ታማኝ ነኝን ብለህ ራስህን ጠይቅ። ማንበብ የማትችል ብትሆን ደብዳቤዋን አንብብላት፤ ወደ መሥሪያ ቤት ሄዳ የባልዋን ወሬ ስትጠይቅ አብረሃት ሂድ፤ በክረምት ጣራዋ ቢያፈስ ክደንላት። ሲያሙአትም ብትሰማ ዝም አትበል። እንዲህ ብታደርግ አንተም ከእርስዋ ጋር ጠበቅህ።