በማን እግር ይለካ?

መንገድ መምረጥ የእውቀት ጥያቄ ነው ወይስ የሕሊና? አንባቢያችን «ይህ ምን ያጠያይቃል፤ የሚያውቅ ይመራል፣ የማያውቅ ይከተላል» ይለን ይሆናል። ሮቢት ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አያልቅለትም።

ሮቢት በጎብዬና በቆቦ መካከል፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራቧ የግዳንና የላስታ ተራራ እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ ከዚያ ማዶ ላሊበላ አለ። ቀጥታ በአየር ቢለካ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመኪና ግን በወልድያና በጋሸና ዞሮ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ማሽላው ታጭዶ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ ገናን ላሊበላ ለማክበር ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ፈረንጆቹ ይህን ወቅት ክረምት ይሉታል፤ ለእኛ በጋ ነው። በረዶ የለም። ይሁንና ቀን ቆላው ላይ ላብ ያጠመቀውን መንገደኛ፣ ሌሊት ደጋው ላይ የሚጠብቀው ውርጭ አይምረውም።

በዚህ ተራራ ላይ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ቀለም የተቀባ ድንጋይ የለም፣ ቀስት የለም፣ ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ የለም። ያለው ዱካ ነው። ዱካ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። የፍየል ዱካ እስከ ግጦሹ ወስዶ እዚያው ጥሎህ ይቀራል። የእንጨት ለቃሚ ዱካ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የአህያ ፋንድያ ያለበት ግን የገበያ መንገድ ነውና ዞሮ ዞሮ ሰው ካለበት ያደርሳል፤ የተጫነ አህያ ገደል አይወጣማ! ስልካችን ላይ ያለው ካርታ አስፋልቱን አጥርቶ ያሳየናል። ስለ ፋንድያ ግን አንዳች አይነግረንም።

እናም እንጠይቃለን። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ፤ መንገዱ ሩቅ ነው?» ሽማግሌው በዱላቸው ወደ ላይ ያመለክታሉ። «ኧረ ቅርብ ነው ልጆቼ፤ እችን ዞር ስትሉ ነው።» ሁለት ሰዓት ተጉዘን ሌላ ሰው እንጠይቃለን። «ቅርብ ነው።» ባገራችን በእግሩ የሄደ ሁሉ ይህችን ቃል ጠንቅቆ ያውቃታል።

ታዲያ ሽማግሌው ዋሹን? ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ቤትህ የተሸሸገውን ወዳጅህን «እዚህ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅህ መዋሸት አይገባህም ብሎ ተከራክሯል። በእሱ ሚዛን ሽማግሌያችን የሚያመልጡ አይመስለንም። እኛ ግን በሁለት ምክንያት አንኮንናቸውም። አንደኛ፣ ርቀቱን የለኩት በራሳቸው እግር ነው፤ ያንን ዳገት ከልጅነታቸው ጀምሮ ወጥተው ወርደውበታልና ለእሳቸው በእውነት ቅርብ ነው። ሁለተኛ፣ ቃሉ መረጃ አይደለም፤ «አይዟችሁ» ማለት ነው። ሩቅ ነው ብለው ጉልበታችንን መስበር አልፈለጉም።

ከመካከላችን አንዱ ግን ይህን አይቀበልም። «አይዞህ እያሉ መግደልም አለ እኮ! ቅርብ ነው የተባለ ሰው ውሃ ሳይዝ ይወጣል» ይላል። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ሆኖም እኛ ጥፋቱን የምናየው ከመልሱ ይልቅ በጥያቄው ላይ ነው። «ሩቅ ነው?» ማለት «ለማን?» የሚለውን መዋጥ ነው። መልሱ በመላሹ ጉልበት ላይ የማይንጠለጠል ጥያቄ አለ፦ የተጫነ አህያ ያልፍበታል? እርጉዝ ሴት በዚህ በኩል ገበያ ትወጣለች? ውሃው በዚህ ወር አለ ወይስ ደርቋል? ቢመሽብን የምናድርበት ቤት አለ? እንዲህ ብለን ስንጠይቅ እነዚያው ሽማግሌ ቆም ብለው ያስባሉ። «እንዲያማ ከሆነ በወዲያ በኩል ሂዱ» ይሉናል።

ዴካርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1637 ስለ ዘዴ ባሳተመው መጽሐፉ ለጠፋ መንገደኛ ምክር አለው። ጫካ ውስጥ የጠፋ ሰው ወዲያና ወዲህ አይዋልል፣ ባለበትም አይቁም፤ ባጋጣሚ የመረጠውን አቅጣጫ እንኳ ቢሆን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ያሰበበት ባይደርስ ከጫካው መሐል የተሻለ ቦታ መድረሱ አይቀርም ይላል። ውብ ምክር ነው፣ ለሜዳ። የዴካርት ጫካ ገደል የለውም! በእኛ ተራራ ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው የሚደርሰው አፋፍ ላይ ነው። ወንዙን ተከትዬ ልውረድ ያለም፣ ውሃው በሚዘልበት፣ ሰው በማይዘልበት ቋጥኝ ላይ ይቆማል። እዚህ ቁርጠኝነት ብቻውን በጎነት ሊሆን አይችልም፤ ሁለት ሰዓት የወጡትን ዳገት መልሶ መውረድ አንዳንዴ የበለጠ ወኔ ይጠይቃል።

ደግሞም የዴካርት መንገደኛ ብቻውን ነው። ቢሳሳት የሚደክመው የራሱ እግር ነው። እኛ ግን በሰልፍ የምንሄድ አሥር ሰዎች ነን እንበል። ጎበዙ ከፊት ሆኖ «አቋራጩን!» ይላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ከኋላ ያለው፣ ጫማው የላላበት፣ ትንፋሽ ያጠረው ነው። መራጩና ከፋዩ ሲለያዩ የመንገድ ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከዋግና ከላስታ ተነሥተው እርዳታ ፍለጋ ኮረም ድረስ በእግራቸው የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። አያት፣ እናት፣ የታዘለ ሕፃን። አጭሩ መንገድ ለአባትየው እግር አጭር ነው፤ ለአያቲቱ ግን መጨረሻ የሌለው ሊሆን ይችላል። ረጅሙ ውሃ ቢኖረውም ስንቁ አይበቃም። እዚያ ላይ ቆሞ የመረጠን ሰው በካንትም በዴካርትም ለመዳኘት አንደፍርም።

የእኛ ጉዞ በፈቃድ ነውና ሰበብ የለንም። ስለዚህ ደካማው ከፊት ይሂድ፣ እርምጃው በእሱ ይለካ እንላለን። ወዲያው ተቃውሞ ይነሣል፦ የታኅሣሥ ቀን አጭር ነው፣ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ በአንዱ እርምጃ ዘጠኙ ውርጭ ላይ ሊያድሩ ነው? እውነት ነው። መልሱ ያለው ጠዋት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳሉ፣ የዚያን ሰው እርምጃ አስልቶ መንገዱንም ማደሪያውንም በመምረጥ ላይ ነው። ዳገቱ መሐል ከሆነ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ ክፉ ነው።

ሌላም ይሉናል፦ ደካማው ራሱ «ተዉኝ፣ እናንተ ሂዱ» ቢልስ? በፈቃዱ አይደል? እኛ ይህችን «ተዉኝ» ከሽማግሌው «ቅርብ ነው» ለይተን አናያትም። ሁለቱም ለሌላው ሲባል የሚነገሩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ «ተዉኝ» ያለንን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብለን ሌላ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፦ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ውሃ ጠጣህ?