«ጓደኛዬን አሞት ነው» አትበሉኝ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ለዓለም የማትነግሩት ነገር ጠፋ። ምሳችሁ ሳይቀዘቅዝ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው። ከፍቅረኛችሁ የተጣላችሁበትን ምክንያት በቲክቶክ ሀገር ያውቀዋል። እሱን ተውት፣ ዘመናችሁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉን የሚያወራ አፍ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ፊት ሲቀርብ መዘጋቱ ነው። ዓይነ ምድሩ ደም መቀላቀል ከጀመረ ወራት ያለፈው ጎረምሳ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ጨጓራዬን ያመኛል» ይልና ክኒኑን ይዞ ይወጣል። ጨጓራው ምን አደረገው?

ልደታ ውስጥ የዕድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዘመን አገልግያለሁ። ጸሐፊ የሟች ስም ይመዘግባል፣ ድንኳን ያስተክላል፣ ከዚያም ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ የሚወራውን ይሰማል። ድሮ የምመዘግበው የአዛውንት ስም ነበር። አሁን ልጅ ያላሳደገ ሰው ስም እጽፋለሁ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲባል «ሆዱን ትንሽ ሲያመው ነበር» ይባላል፣ ወሬውም በዚያው ይዳፈናል።

ወጣቶችም ለብቻዬ ሲያገኙኝ ያማክሩኛል፤ ማማከራቸውስ ባልከፋ። «ጋሼ፣ አንድ ጓደኛዬ ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ያያል፣ ምን ይሻለዋል?» ይላሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። የዚህ ጓደኛ ብዛቱ! ልደታን ሞልቶታል እኮ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ጓደኛህን ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰደውና ለእኔ ያልከኝን ሳትቀንስ ለሐኪሙ ንገረው።

አይወስደውም። የሚሄደው ወደ መብራት ምሰሶው ነው። ምሰሶው ላይ «ኪንታሮትን ያለ ኦፕሬሽን እናድናለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፏል። ደዋዩ ስሙን አይጠየቅ፣ ልብሱን አያወልቅ፣ አያፍር። ከዚያ አንዱ የሚያቃጥል ቅባት ይሸጥለታል፣ ሌላው የሚጠጣ ሥር ይቀቅልለታል። መድኃኒት ቤት ጎራ ያለው ደግሞ «አሜባ ነው» ብሎ ለራሱ ፈርዶ ፍላጅል ይገዛል። ደሙ ለጥቂት ቀን ጋብ ሲል «ተሻለኝ» ይላል። ሲመለስ «ኪንታሮቴ ተነሳብኝ» ይላል። ልጄ፣ ኪንታሮት መሆኑን ማን አይቶ ነገረህ? አንተ ጀርባህን አታይም። ባለወረቀቱም አላየህም። ያላየ ሰው የሰየመውን በሽታ ተሸክመህ ዓመት ትዞራለህ!

እውነቱን ለመናገር ደም ያየ ሁሉ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። አብዛኛው እውነትም ኪንታሮት ነው፣ ወይም በድርቀት የመጣ መሰንጠቅ፣ ወይም አሜባ፣ ወይም ቢልሃርዚያ። ቀይ ሥር የበላም ይደነግጣል፤ የደም ማነስ ክኒን የሚውጥም ዓይነ ምድሩ ይጠቁርበታል። ይህን ከዚያ የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ ግምት አይደለም። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰር አይይዘውም የሚል ሕግም የለም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ይገኛሉ።

የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ ሥጋ ነው። ወደ ካንሰር እስክትለወጥ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጅባታል፤ አሥር ዓመትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን ከውስጥ በሚያይ ካሜራ፣ የተገኘች እንደሆነ እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች፣ ነገሩም ያከትማል። እግዚአብሔር ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶን ሳለ እኛ በሐፍረት እንጨርሰዋለን። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነው።

«ብርቅ ነው፣ የሽማግሌ በሽታም ነው» አትበሉኝ። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚመዘገቡት ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ነው። አሜሪካኖች ምንም ምልክት የሌለው ሰው ምርመራ የሚጀምርበትን ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ያወረዱት ወጣቱን ሲይዘው አይተው ነው። እኛ በልጅነታችን የጮኽንለት ፔሌ በዚሁ በሽታ በ82 ዓመቱ አረፈ። እናንተ ያበዳችሁለት የ«ብላክ ፓንተሩ» ቻድዊክ ቦዝማን ግን በሽታው በ2016 እ.ኤ.አ. ሦስተኛ ደረጃ ላይ ተገኝቶበት በ2020 በ43 ዓመቱ ሞተ። ቦዝማን ሕመሙን ከዓለም ሸሽጓል፤ ከሐኪሞቹ ግን አልሸሸገም፣ እየታከመ ነበር ፊልሙን የሚሠራው። እናንተ ገልብጣችሁታል፤ ለዓለም ሁሉን ታወራላችሁ፣ ለሐኪም ትደብቃላችሁ።

ይህ ሐፍረት ከወላጆቻችን የወረስነው እንዳይመስላችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ እናቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ትጠጣ ነበር። ዋዜማውን ቀለል ያለ ምግብ ትበላለች፤ በማግስቱ የተወቀጠውን የኮሶ አበባ በውኃ በጥብጣ ዓይኗን ጨፍና ትጨልጠዋለች። ያን ቀን ቤታችን ጸጥ ይላል። እንግዳ ሲመጣ «ኮሶ ጠጥታለች» ብለን ከደጅ እንመልሰዋለን፤ ማንም አይከፋም፣ ታላላቅ ሰዎችም በዚሁ ቃል እንግዳ ይመልሱ ነበርና። ሲመሽ ጎረቤቶቿ መጥተው «ወጣልሽ?» ይሏታል። እሷም ሳትሸማቀቅ ትሉ እስከ ጭንቅላቱ መውጣት አለመውጣቱን ትነግራቸዋለች፣ ይሳሳቃሉ፣ ቡና ይፈላል። ኮሶ መራራ ነበር፤ ሲበዛም ሰው ይጎዳ ነበርና ወደ እሱ ተመለሱ አልላችሁም። ግን እነዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ሰብረው የሚሄዱ እናቶች ስለ ሆዳቸው ጉዳይ ደጃፍ ላይ ይነጋገሩ ነበር። ናፍቆታቸው ዛሬም ይይዘኛል።

እናንተ የተማራችሁት ናችሁ የምታፍሩት! ለዚያውም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በክፍለ ከተማችሁ ውስጥ ቆሞ። ከ20 ዓመት በላይ በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በዚያ ግቢ ብቻ ነበር። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከባሌ ሰው በሬውን ሸጦ ይመጣና ወረፋ ይጠብቃል። ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በሽታው ገፍቷል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይቅርታ አለው። ከጌጃ ሰፈር በእግሩ የሚደርስ ልጅ እኩል ዘግይቶ ሲገኝ ግን ምን ይባላል?

ጸበል እጠመቃለሁ የሚል አለ። ተጠመቅ፤ እኔም በልደታ ማርያም ደጅ ነው ያደግሁት። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ ጽፎልናል፣ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ይልቅስ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት አስቧት። ገንዘቧን በባለመድኃኒቶች ጨርሳ በስተኋላ በድብቅ መጣች። ጌታ ግን ተደብቃ እንድትሄድ አልተዋትም፤ እየተንቀጠቀጠች በሕዝብ ፊት እውነቱን ሁሉ ተናገረች። እናንተ የምትናገሩት በሕዝብ ፊት አይደለም፣ በተዘጋ ክፍል ለአንድ ሰው ነው።

ስትገቡ የምትሉትን ልንገራችሁ። ደሙ መቼ እንደጀመረ፣ ደማቅ ቀይ ይሁን የጠቆረ፣ ከሰገራው ጋር የተደባለቀ ይሁን በላዩ የሚታይ። የሽንት ቤት ልማዳችሁ ከተለወጠና ሳምንታት ከቆየ፣ ወጥቶ ያላለቀ የሚመስል ስሜት ካለ፣ ቀበቶ ከሰፋችሁ፣ ደረጃ መውጣት ካደከማችሁ፣ ይህንንም ተናገሩ። ሐኪሙ ፊንጢጣችሁን በጣቱ ልመርምር ሲል እንቢ አትበሉ፤ ሳይል ቢቀር ጠይቁት። ይኸው ጻፍኩት፤ ሽበቴ አልረገፈም። ምርመራው ከደቂቃ አይበልጥም። ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍላችኋል፤ የጤና መድን ያለው መታወቂያውን ይያዝ። ክትፎውን ቀንሱ፣ ጎመንና ሽሮ አትናቁ። ሲጋራና መጠጥም ለዚህ በሽታ በር ይከፍታሉ። ጫትን በተመለከተ ድርቀቱን ቃሚው ያውቀዋል።

አሁንም ወደ ኪንታሮታችሁ ልመለስ፣ አልለቃችሁምና። «አባቴም ነበረበት፣ የዘር ነው» ትላላችሁ። ዕድሬ ውስጥ ይህን ስሰማ ነው የምቆጣው። የአባትህን ማን መረመረው? እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት በአንጀት ካንሰር የተያዘበት ሰው ምርመራውን በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ ከተያዘበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት ይላሉ ሐኪሞች። አባት በ45 ከተያዘ ልጅ በ35 ይመርመር ማለት ነው። ለቅሶ ላይ «ሆዱን ትንሽ አሞት» እያልን የደበቅነው ይህን ቁጥር ነው፤ ከጎረቤት የደበቅን እየመሰለን ከሟቹ ልጆች ነው የደበቅነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አዛችኋለሁ፣ በዕድሜዬ መብት። ደም ያየ በዚህ ሳምንት ይሂድ፤ «ጓደኛዬ» ሳይል፣ «እኔ» ብሎ። ያላየ ደግሞ ዛሬ ማታ እናቱን አጠገቧ ተቀምጦ አያቱ በምን እንደሞቱ ይጠይቅ። «ሆዳቸውን ነው» ብትለው አይነሳ፤ የትኛውን ሆድ፣ በስንት ዓመታቸው ብሎ ይጠይቃት፣ መልሷንም ይጻፈው።